ከአሚና ጋር በፔጆው

ሰኞ

ሞተሩ ተነሣ። አይነሣም ብዬ ነበር፣ ተነሣ።

ባሌ ካረፈ ወዲህ ፔጆውን ብዙም የነካው ሰው የለም። እኔም የጡቴን ሕክምና ጨርሼ ከአዲስ አበባ ከተመለስኩ ጀምሮ ከቤት የምወጣው ለቤተ ክርስቲያን ነው፤ እሱንም አንዳንዴ። ዛሬ ያስወጣችኝ አሚና ናት። አሚናና እኔ ጀጎል ግንብ ውስጥ ግድግዳ ለግድግዳ ነው ያደግነው፤ አሁንም፣ ሁለታችንም አርጅተን፣ ከግንቡ ውጭ ጎረቤታሞች ነን። ጠዋት ምርኩዟን ይዛ መጣችና የመኪናውን የፊት በር ከፍታ ተቀመጠች።

«ወዴት ነው?» አልኳት።

«ጉልበቴን አሞኛል። ዞር ዞር አድርጊኝ።»

ጉልበት በመኪና ዞር ዞር በማለት እንደማይድን ሁለታችንም እናውቃለን።

ግንቡን ዙሪያውን ዞርን። ባጃጆቹ ሁሉ ጥሩንባ እየነፉ ቀደሙን። ቀዶ ጥገና በተደረገልኝ በኩል ያለው ክንዴ ማርሽ ስቀይር ይስበኛል። አሚና ስለ ክንዴ አንድም አልጠየቀችኝ። የምታወራው ስለ እህቷ ልጅ ሠርግ ነበር፤ ማን እንዳኮረፈ፣ ማን ሳይጠራ እንደመጣ።

ቤት ስገባ ራበኝ። ከስንት ጊዜ በኋላ።

ማክሰኞ

ዛሬ ሐኪም የሚባለው ጋራ ላይ ወጣን። በሁለተኛ ማርሽ፣ እየተንፏቀቅን። ከላይ ሆነን መስኮቱን ዝቅ አድርገን ከተማውን አየን። ያደግንበትን ቤት ጣሪያ ፈለግነው፤ እሷ አንዱን አሳየችኝ፣ እኔ ሌላውን። አልተስማማንም። ነፋሱ ደስ ይል ነበር። ፀጉሬ ገና አጭር ነው፤ ሻሼን አውልቄ ነፋስ እንዲነካው ተውኩት። አሚና አየችኝና ፊቷን ወደ ከተማው መለሰች።

ስንመለስ ልጄ ከአዲስ አበባ ደወለች። ሐኪሙ ለክትትል ምርመራ ተመለሺ ያለኝ ቀን ካለፈ ቆይቷል። «እማ፣ መቼ ነው የምትመጪው?» አለች። ትንሽ ይሻለኝና አልኳት።

እዚህ እውነቱን ልጻፍ። መሄድ አልፈልግም። በሽታው ተመልሶ ከሆነ ማወቅ አልፈልግም። ያንን መርፌ፣ ያንን ማስመለስ ሁለተኛ አልችለውም። ደክሞኛል። ከመጣ ይምጣ፣ ቤቴ ያግኘኝ።

ረቡዕ

ቀኑን ሙሉ ዘነበ። አልወጣንም።

የታጠበ ልብስ አልደረቀም። ክንዴ ዛሬ ቀለል ብሎኛል። እንቅልፍም ወሰደኝ። መንዳት ናፈቀኝ፤ ይኼ ደግሞ ከየት መጣ?

አሚና ፈጢራ ላከችልኝ፤ ሁለቱን በላሁ። ኋላ በአጥሩ በኩል ሆና፣ «ነገ የት?» አለች። «ኤረር ሸለቆ እንውረድ» አልኳት። ደስ አላት። እዚያ ሙሜ የሚባል ገበሬ ደንበኛ አላት፤ ፓፓያ ይዞላት ይመጣል። እርሻውን አይታው አታውቅም።

ሐሙስ

ሳይጠፋኝ ልጻፈው።

ወደ ኤረር ቁልቁል ስንወርድ ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። ከአስፋልቱ ወጥተን ወደ ሙሜ እርሻ የሚወስደውን ኮረኮንች ያዝን። መንገዱ የደረቀ ወንዝ ያቋርጣል። ውሃ የለውም፣ የትናንቱ ዝናብ ያረጠበው አሸዋ ብቻ ነው። መሃሉ ላይ የኋላው ጎማ ሰመጠ። ነዳጅ ስሰጥ ይብሱን ቆፈረ።

«በይ እንግዲህ፣ እዚሁ ቤት እንሥራ» አለች አሚና። ሁለታችንም ሳቅን።

ከማዶ አንድ ሰው ከእርሻው ወጥቶ ሲሮጥ አየን። «ሙሜ ነው» አለች። ሊረዳን የመጣ መስሎኝ እጄን አውለበለብኩለት። እሱ ግን በተራራው በኩል እያመለከተ በኦሮምኛ ይጮሃል። አሚና ኦሮምኛ ትሰማለች። ሳቋን ዋጠችው።

«ጎርፍ ነው የሚለው። ውጪ።»

ዛሬ እኛ ጋ ጠብ ያላለው ዝናብ ለካ ላይ ተራራው ላይ ጥሎ ኖሯል። ድምፁን የሰማሁት ያኔ ነው፤ የተጫነ መኪና ዳገት ሲወጣ ይመስላል። ዞሬ በሯን ከፈትኩ። ምርኩዟ ወንበሩ ሥር ተሰንቅሮ እምቢ አለ። ተይው አልኳት። አሸዋው ላይ ስትቆም ጉልበቷ ከዳት።

«አንቺ ሂጂ፣ ትርሲት። እኔ እደርሳለሁ።»

እንደማትደርስ ታውቃለች። እኔም አውቃለሁ። ብብቷ ሥር ገብቼ ጎተትኳት። በየትኛው ክንዴ እንደሆነ አላስተዋልኩም። አሚና «ያ ረቢ፣ ያ ረቢ» ትላለች። ውሃው ጭቃ መስሎ፣ ግንድና ቅርንጫፍ እየገፋ መጣ። ቁርጭምጭሚቴን ነካኝ፣ ወዲያው ጉልበቴን ያዘኝ። ሙሜ ዘሎ ገብቶ አሚናን በሌላ በኩል አነሣት። ዳርቻው ላይ ሦስታችንም ተደፋን።

ዞረን ስናይ ውሃው ፔጆውን እንደ ጣሳ አዙሮ ወስዶ ከአንድ ሾላ ዛፍ ጋር አጣብቆታል።

አሚና ቀሚሷን እየጨመቀች፣ «ፓፓያውስ?» አለች። ሙሜ መጀመሪያ ግራ ገባው፤ ከዚያ ሳቀ፣ እኛም ሳቅን፣ እኔ ሳቁ ወደ ልቅሶ ሄደብኝ። የሙሜ ሚስት ደረቅ ልብስ አለበሰችን፣ ትኩስ ሻይ ሰጠችን። ወደ ከተማ የሚመለስ አይሱዙ ለምነውልን ገባን።

ጎርፉ ጉልበቴን ሲይዘኝ በልቤ ያልኩት ነገር አለ። አሁን አይደለም፣ ነው ያልኩት። ከመጣ ይምጣ ያልኩት እኔው፣ አሁን አይደለም አልኩ። ለካ መኖር እፈልጋለሁ።

ዓርብ

ሰውነቴ ተቀጥቅጧል። ክንዴ አብጧል። ደረቴ ላይ ግን ቀለል ያለ ነገር አለ።

አሚና ከጁምዓ ሶላት በኋላ መጣች፤ አዲስ ምርኩዝ ይዛ። ስለ ምርመራው ነገርኳት፣ እንዳልሄድኩም፣ ለምን እንዳልሄድኩም።

«አውቅ ነበር» አለች። «በስልክ ስትነጋገሪ ይሰማኛል።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?»

«ብናገርሽ በር ትዘጊብኛለሽ። ወጣ ገባ ስትዪ ልብሽ ይመለሳል ብዬ ነው።» ቀጥላ ደግሞ፣ «ጎርፉን ግን እኔ አላዘዝኩትም» አለች።

ልጄ ጋ ደወልኩ። ስለ ጎርፉ አልነገርኳትም፤ በአካል ስንገናኝ እነግራታለሁ። እመጣለሁ ስላት ማልቀስ ጀመረች።

ቅዳሜ

ሙሜና ጎረቤቶቹ ፔጆውን ከጭቃው አውጥተውት አደሩ። መካኒኩ ሄዶ አየው። ወንበሩ፣ ኤሌክትሪኩ፣ ሁሉም ጭቃ ጠጥቷል። «ይሠራል አልልዎትም፣ አይሠራም አልልዎትም» አለኝ። ባሌ ቢኖር ሦስት ቀን አይበላም ነበር። እኔ እንኳን ቁርሴን በላሁ።

ለሙሜ ሚስት ልብሷን አጥቤ ከጋቢ ጋር ላክሁላት።

እሑድ

ከቅዳሴ መልስ ታክሲ ተከራይተን ከአሚና ጋር ሐሮማያ ሐይቅ ደረስን። ውሃ እፈራለሁ ብዬ ነበር፤ የተኛ ውሃ ግን ሌላ ነው። ይኼ ሐይቅ ጠፋ፣ አለቀለት ተብሎ ሰው በእግሩ ሲሻገረው አይቻለሁ። ዛሬ ነጫጭ ወፎች ተንሳፍፈውበታል። ባለ ታክሲው ቸኩሎ ነበር፤ አሚና ጫት አስገዝታ አስቀመጠችው። እኛ ጫማችንን አውልቀን ሣሩ ላይ ተቀመጥን። እግዚአብሔር ይመስገን አልኩ፣ አልሐምዱሊላህ አለች፤ ተከታትለን።

የምርመራው ውጤት ምን እንደሚል አላውቅም።

ማምሻውን ልጄ ትኬት ልትቆርጥልኝ ደወለች። «መሄጃውን ብቻ ነው፣ እማ፣ ወይስ መመለሻውንም?»

«መመለሻውንም» አልኳት።