ባትሪውን የሚያወርደውን አላገኘሁትም

ውድ መምሬ ዓለምብርሃን፣

እንደምን ከረሙ ማለት ከብዶኛል፤ እንዴት እንደከረሙ አውቃለሁና። በቃሌ ልነግርዎ ሁለት ጊዜ ፃግብጂ ድረስ መጥቼ ነበር። ሁለቱንም ጊዜ ከደጅዎ ደርሼ ሳልነግርዎ ተመለስኩ። እርስዎም ለለቅሶ የመጣሁ መስሎዎት «መንገዱ አደከመህ» እያሉ ውሃ አቀረቡልኝ።

ልጅዎ ኪዳኑ ያቺን አሮጌ ፒክአፕ ሰቆጣ ወዳለችው ሱቄ ሦስት ጊዜ ማምጣቱን ያስታውሳሉ። ማታ ደህና ያቆማታል፤ ጠዋት ቁልፍ ሲያዞር ትንፍሽ አትልም። መጀመሪያ ባትሪውን ቻርጅ አድርጌ ሰጠሁት። በአራተኛው ቀን ተመለሰ። ባትሪው አርጅቷል ብዬ አስቀየርኩት፤ አዲሱም ወረደ። ሦስተኛ ጊዜ ሲመጣ መኪናዋን ሁለት ቀን ያዝኳት። ዲናሞውን ፈታሁ፤ ፊውዞቹን አንድ በአንድ እየነቀልኩ በቴስተር ለካሁ። ሞተሩም መብራቱም ጠፍቶ አንድ ነገር ኮረንቲ ይስባል። የቱ እንደሆነ ግን አላገኘሁትም።

ኪዳኑ ሊወስዳት ሲመጣ ሌሎች ሹፌሮች ሱቄ በር ላይ ቆመው ነበር።

«አገኘኸው?» አለኝ።

«አግኝቸዋለሁ። የተላጠ ሽቦ ነው፤ ጠግኜዋለሁ» አልኩት።

ውሸት ነበር፣ መምሬ። በዋግ ምድር ባትሪ የሚያውቅ አስማረ ነው ሲባል አሥራ አምስት ዓመት ኖሬ፣ በሰው ፊት አላወቅሁም ማለት አቃተኝ። እውነቱን ብናገር ኖሮ ቀጥዬ የምለው ቀላል ነበር፤ መኪናዋን ባቆምክ ቁጥር የባትሪውን ነጌቲቭ ገመድ ፍታው፣ ስትነሳ መልሰህ እሰረው። የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው፤ ባትሪው ሌሊት አይወርድም ነበር። ተሠርታለች ላልኩት መኪና ግን ይህን እንዴት ልምከረው? ቁልፉን ሰጥቼ ሸኘሁት። እርስዎም በሦስተኛው ቀን ለምስጋና ብለው ማር ላኩልኝ፤ ከልጆቼ ጋር በላሁት።

ሳምንት ሳይሞላ ልጅዎን ጸሐይነሽን ምጥ ያዛት። ከዚያ በኋላ የሆነውን እርስዎ አይተውታል፤ እኔ የሰማሁት ነው። ጎህ ሲቀድ ኪዳኑ እህቱን ከኋላ አስተኝቶ ቁልፉን አዞረ። ደግሞ አዞረ። የሰፈሩ ሰው ተሰብስቦ ገፋ፤ የቆመችበት ጎድጓዳ ስለነበር ከጭቃው አልወጣችም። በቃሬዛ ተሸክመው ሌላ መኪና ወደሚገኝበት ዋና መንገድ ወረዱ። ወንዙን ሳይሻገሩ እሷም በሆዷ ያለውም ልጅ አለፉ።

ከአርባዋ በኋላ ኪዳኑ መኪናዋን አስጎትቶ ሱቄ በር ላይ ተዋት። ተቀመጥ ስለው እምቢ አለ። ፊቱ ከስቷል። መሬት መሬት እያየ፣ «አስማረ፣ ያን ዕለት ማታ መብራት ሳላጠፋ ቀርቼ መሆን አለበት። አንተማ ሠርተሃት ነበር። እህቴን የገደልኩ እኔ ነኝ» አለኝ።

ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ።  «እግዜር ያጽናህ» ብዬ ሸኘሁት።

በአፋር በኩል ወደ ጅቡቲ መሄዱን ከሰው ሰማሁ። ከዚያ ወዲህ ስልኩ አይሠራም፤ በየጠዋቱ ሱቅ ስከፍት እሞክረዋለሁ። ይህን በልቡ ይዞ መሄዱን ለእርስዎ ነግሮዎት እንደሁ አላውቅም። ነግሮዎት ካልሆነ፣ ልጅዎ የሄደው ሥራ ፍለጋ ብቻ አይደለም።

መኪናዋን እስከ ዛሬ እፈታታለሁ። ዳሽቦርዷን አውርጄ ሽቦዋን ሁሉ ሱቁ ወለል ላይ ዘርግቻለሁ። ምክንያቱን አሁንም አላገኘሁትም። ባገኘውስ አሁን ለማን ይጠቅማል?

ይፍቱኝ ልልዎ አልጻፍኩም። ካህን ነዎት፤ ከለመንኩዎ እንደሚፈቱኝ አውቃለሁ፣ ስለዚህ አልለምንዎትም። የምለምንዎ ለኪዳኑ ነው። ከደወለ፣ ወይም በዚያ መንገድ የሚሄድ ሰው ካገኙ፣ «አስማረ ዋሽቶህ ነው እንጂ ጥፋቱ ያንተ አይደለም» ይበሉት። ይደውላል ብዬ ግን ተስፋ አላደርግም።

ኪዳኑ መኪናዋን ካስረከበኝ በኋላ አንድ ሳምንት ሙሉ ሰቆጣ ነበር፣ መምሬ። ከሱቄ ማዶ ካለው መናኸሪያ መኪና ሲጠብቅ በየቀኑ አየው ነበር፤ አንድም ቀን ተሻግሬ አልነገርኩትም።

የበደልኩዎ
አስማረ፣ ከሰቆጣ