ትንፋሼን መልሺ

ጥቅምት 3 ቀን 2001

ዛሬ ሰባት ማመልከቻ ተየብኩ። አንዱ ሰውዬ ፎቶ ኮፒው ደበዘዘ ብሎ ጮኸብኝ። ይጩህ! መሐል ሜዳ ከተማ ውስጥ የተሻለ ማሽን ካገኘ ይሂድ።

ከሰዓት አባባ ከአዲስ አበባ ተመለሱ። ከአውቶቡስ ሲወርዱ ጋቢያቸውን አንገታቸው ላይ ጠምጥመዋል። ሃያ ዓመት ሸፍነውት የማያውቁትን እንቅርት ዛሬ ሸፈኑት...

"ሐኪሞቹ ምን አሉ?"

"ይውጣ አሉ። ለኅዳር አሥራ አምስት ቀጠሩኝ።"

"እሰየው!"

ጋቢያቸውን አጥብቀው መንገድ ጀመሩ። ቀሪውን ቤት ከገባን በኋላ ነው የተናገሩት። ካልወጣ ያንቃል። ሲወጣ ደግሞ ድምፅ ይዞ ሊሄድ ይችላል።

ሠላሳ ዓመት ዜማ ያስተማሩ መሪጌታ ናቸው። ድምፅ!

ጥቅምት 5

ቅዳሴ ላይ ቆሜ ወሰንኩ። እቀዳቸዋለሁ።

የደብራችንን ረጅሙን ዜማ በድሮው አካሄድ እስከ መጨረሻው የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ናቸው። ምልክቱ ብራናው ላይ አለ፤ ግን ምልክት አይዘምርም። ወንበራቸውን የሚረከበው ዲያቆን አትናቴዎስ ነው፣ አሥር ዓመት እግራቸው ሥር የተቀመጠው። እሱም ገና ግማሹ ላይ ነው። የቀረውን በአንድ ወር? በፍጹም።

ሱቅ ያለው ኮምፒውተር ላይ ድምፅ የሚስተካከልበት ፕሮግራም አለ። የሰርግ ካሴት ወደ ሲዲ ስገለብጥበት ነው የኖርኩት። ማይክ ከሰንበት ትምህርት ቤት እዋሳለሁ። አለቀ።

ጥቅምት 9

የሱቁን ግድግዳ በሙሉ ከበግ ጸጉር የተሠራ ባና ሰቀልኩበት፣ የመንገዱ ጫጫታ እንዳይገባ። አባባ ገብተው ሳቁ። "ሱቅሽን በግ አስመሰልሽው።"

ጀመሩ... ምን ያምራል! ስድስተኛው ደቂቃ ላይ ሳቱ።

"ምንም አይደል፣ ከዚያው ይቀጥሉ፣ እኔ አያይዘዋለሁ።"

"የሳተ ከራሱ ይጀምራል።"

ተማሪዎቻቸውን የሚሉት ይኼንኑ ነው። ራሳቸውንም አይምሩም። ከሀ ጀመሩ። ደግሞ ሳቱ። ደግሞ ከሀ። እንዴት ያለ ድርቅ ያለ ሰው ነው! (እኔስ ከማን ወረስኩት?)

ጥቅምት 16

ሰባት ቅጂ። መጀመሪያው ሰባት ጊዜ አለኝ። መጨረሻው አንዴ ብቻ፣ እሱም መሀሉ በሳል የተበላሸው ላይ። ሰውነታቸው ደክሟል። ከዚህ በላይ ማስደገም ኃጢአት ነው።

ያለኝ ይኼው ነው። ከዚሁ አንድ ሙሉ ዜማ ይወጣል። ሞቼ እገኛለሁ እንጂ ይወጣል!

ጥቅምት 18

ነገርኳቸው። ከአንዱ ቅጂ ራሱን፣ ከሌላው ወገቡን፣ ከዚያኛው እግሩን ወስጄ አንድ አደርገዋለሁ አልኳቸው።

"ዜማ ነው ቅርጫ?"

"አባባ፣ ሁሉንም እርስዎ ነዎት ያዜሙት።"

"ባንድ ቀን አላዜምኩትም። ያላደረግኩትን አደረገ ልታሰኚኝ ነው?"

በሩን ገፍተው ወጡ። እኔም ተናድጄ አንዷን ደንበኛ ያለ ጥፋቷ ገላመጥኳት።

ጥቅምት 20

አባባ ራሳቸው መጡ። በብብታቸው አሮጌ ብራና ይዘዋል። አንዱን ገጽ ገለጡ። መሀሉ ላይ በጅማት የተሰፋ ቀዳዳ አለ፣ ጽሑፉ ዙሪያውን ዞሮት ያልፋል።

"የበጓ ቆዳ ቀዳዳ ነበረው። ጸሐፊው ሰፋው። ቃሉ ጎደለ?"

"አልጎደለም።"

"እንግዲያው ስፊው።"

ይቅርታ መጠየቃቸው መሆኑ ነው። እጃቸውን ሳምኩ።

ኅዳር 3

ሰባቱን ቅጂ አንዱን ከአንዱ በታች ደረደርኳቸው። እየሰማሁ ደህና ደህናውን እመርጣለሁ፣ እቆርጣለሁ፣ አስጠጋለሁ። ጠዋት የተቀዳውን ከከሰዓቱ ጋር ስገጥመው ድምፃቸው ወፍሮ ይዘልላል። ለካ አባባ ጠዋት ጠዋት ሌላ ሰው ናቸው! ጠዋቱን ከጠዋት ጋር ገጠምኩ፣ ተስማማ።

ሳሉን አወጣሁ። ትንፋሹንም። እንቅርቱ ስለሚጫናቸው በተነፈሱ ቁጥር ሲጥ ሲጥ ይላል። በሽተኛ ናቸው እንዲባል አልፈልግም። አንድ በአንድ ለቅሜ አጠፋሁት፣ ከመቶ በላይ። ጥርት አለ። ኮራሁ።

ኅዳር 6

ጉድ ፈላ።

አትናቴዎስን ጠርቼ አሰማሁት። አባባም ነበሩ። አብሮ ማዜም ጀመረ... ቀጠለ... ፊቱ ቀላ፣ አንገቱ ተገታተረ። በመጨረሻ ሳል አጣደፈው።

"እህት ኮከቤ፣ የኔታ የቱ ጋ ነው የተነፈሱት?"

አባባ እስኪያነቡ ሳቁ። ቀጥለው ግን ኮስተር አሉ።

"ኮከቤ፣ ገደልሽኝ'ኮ።"

"ሲጥ ሲጥ ስለሚል ነው፣ አባባ..."

"ሲጥ ይበል! ታምሜ የለ? ተማሪ ዜማ የሚማረው መምህሩ የት እንደሚተነፍስ እያየ ነው። ያለቦታው የተነፈሰ ቃሉን ይሰብረዋል። ትንፋሼን መልሺ!"

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ፣ እኔን ነው። ዋናዎቹ ቅጂዎች አሉ፣ ተመስገን። ዘጠኝ ቀን ይቀረኛል። እመልሰዋለሁ።

ኅዳር 10

ትየባ አልቀበልም ብዬ በሩ ላይ ለጠፍኩ። ያልተቀየመኝ ደንበኛ የለም። ይቀየሙ።

ከመቶ በላዩ ትንፋሽ ተመልሶ ገባ። አንዱ ብቻ እምቢ አለኝ። ሁለት ቅጂ የሚገናኙበት ቦታ ነው። በአንደኛው ከቃሉ በፊት ይተነፍሳሉ፣ በሌላው ከቃሉ በኋላ። የቱ ነው ልክ? አባባን ጠየቅኳቸው።

"ሁለቱም አይደለም። ያኔ ደክሞኝ ነው። ከዚያ በፊት ነው፣ እዚህ ጋ።"

ማይኩ ፊት ተቀመጡና ቀዳሁ። አንድ ትንፋሽ። ዜማ የለው፣ ቃል የለው። ስምንተኛው ቅጂ ይኼ ነው።

ኅዳር 13

አለቀ! ሃያ ሁለት ደቂቃ። አባባ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙት። ስፌቱን ያገኙብኛል ብዬ ዓይኔን ከፊታቸው አልነቀልኩም። አላገኙም ወይስ ዝም አሉኝ?

"ሰውዬው ደህና ያዜማል" አሉ።

ነገ ጠዋት በአውቶቡስ እንሄዳለን።

ኅዳር 17

ወጣላቸው። ነቅተዋል። ስሜን ሊጠሩ አፋቸውን ከፈቱ... አየር ብቻ። ሐኪሙ ሊመለስም ላይመለስም ይችላል አለ። ኮሪደር ወጥቼ ተንሰቀሰቅሁ።

ጥር 20

አልተመለሰም። ሹክሹክታ ነው ያላቸው፣ እሱም ጆሮ ካልተጠጋ አይሰማም።

ዛሬ ለዜማ ቤት ምሳ ይዤ ሄድኩ። አትናቴዎስ ወንበሩ ላይ ነው፣ አባባ አጠገቡ። ሲዲ ማጫወቻው መሀል ተቀምጧል። ሁሉም አብረውት ያዜማሉ። ሁለተኛውን ግማሽ ይዘውታል! እኔ የሰፋሁትን... የቱ ከየትኛው ቀን እንደሆነ ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም።

አሥራ አምስተኛው ደቂቃ ላይ የማጫወቻው ድንጋይ አለቀ። ድምፁ ተቆራረጠና ጠፋ። ዜማው ተቋረጠ። ድንጋይ ልገዛ ብድግ አልኩ።

አባባ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። ተነፈሱ፣ በኃይል፣ እስከ በሩ ድረስ ተሰማኝ። አሁን ሲጥ ሲጥ አይልም። አትናቴዎስ አብሯቸው ተነፈሰና ካቆመበት አነሳው። ተማሪዎቹ ተከተሉት። በሚቀጥለው ቦታ ደግሞ ተነፈሱ፣ በሚቀጥለውም። ሁሉም አብረዋቸው።

መጨረሻው አካባቢ አትናቴዎስ ሳተ። አባባ በመቋሚያቸው መሬቱን መቱት። ምን ማለታቸው እንደሆነ ማንም አልጠየቀም። ከራሱ ጀመሩ።

እኔም ተመልሼ ተቀመጥኩ።