በፍልሰታ የደፋሁት ብርጭቆ

ላሊበላ፣ ታኅሣሥ 15 ቀን 1973 ዓ.ም.

ለንስሐ ልጄ፤

እንደምን ከርመሽልኛል? ወልድያ ተስማማሽ? ባለቤትሽና ልጆችሽስ ደኅና ናቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን አለሁ። አለሁ እላለሁ እንጂ መቀመጥም መቆምም አቅቶኛል። ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ቀድጄዋለሁ። መስመሩ ከተጣመመ ይቅር በዪኝ።

ስንት ዓመት አንቺ ስትናዘዢ እኔ ሰማሁ። ዛሬ ተራው የኔ ነው።

ሳትዛወሪ በፊት፣ በ71 ፍልሰታ፣ ጤና ጣቢያው ውስጥ ስኳሬን መርምረሽኝ ነበር። በባዶ ሆድ የተቀዳ ደም ብቻውን አይታመንም፣ በብርጭቆ የተበጠበጠ ስኳር ጠጥቼ ሰውነቴ እንዴት እንደሚችለው መታየት አለበት አልሽ። ሰውነት ኢንሱሊኑን አልታዘዝ ካለ ስኳሩ ደም ውስጥ ይቀርና የዓይንን፣ የኩላሊትን፣ የእግርን ቀጫጭን የደም ሥሮች ቀስ እያለ ይጎዳል ብለሽም አስረዳሽኝ።

ሳልበላ ማደርማ ሥራዬ ነው ብዬ ቀለድሁብሽ። ብርጭቆው ሲመጣ ግን ገና ጠዋት፣ ያውም በፍልሰታ! አፌ እንቢ አለኝ። ለታመመ ይፈቀዳል እያልሁ ስንቱን ጾም ያስፈታሁ ሰውዬ፣ በራሴ ሲደርስ አፈርሁ። ፊትሽን ስታዞሪ ከአግዳሚው ሥር ደፋሁት። ጠጡ ወይ ስትዪኝ አዎ አልሁ። ካህን ነኝና አመንሽኝ። ደሜን ደግመሽ እስክትቀጂ ጉንዳኑ ከአግዳሚው ሥር ሲርመሰመስ አይተሽ ጽዳቷን የሻረግን ተቆጣሻት። እሷ ጎንበስ ብላ ጠረገችው፣ እኔ ቁጭ ብዬ አየኋት። ኋላ ስኳር የለብዎትም ብለሽ በደስታ መስቀሌን ተሳለምሽ።

ከሰኔ ወዲህ ቀኝ ዓይኔ ላይ ጥቁር ክር ይመላለስብኛል፤ ግራውም እየደበዘዘ ሄዷል። እግሬንም ጠጠር ሲወጋኝ አይሰማኝም። ወንጌሉን በቃሌ ስለማውቀው ማንም አልነቃብኝም ነበር። ባለፈው እሑድ ግን የዕለቱን ስንክሳር አንብብ ተባልሁ። ጭንቅ ሲለኝ፣ ገና ዐሥራ ሁለት ቀን የቀረውን የአቡነ ተክለ ሃይማኖትን ልደት በቃሌ አወረድሁት! ሕዝቡ በግእዝ ነውና ምን ያውቃል። አብሮኝ የሚቀድሰው ቄስ ገብረ መስቀል ግን እጅጌዬን ጎተተኝ። ቤቴ ገብቼ እንደ ሕፃን አለቀስሁ።

ልጄ፣ ፈርቻለሁ። መቅደስ ውስጥ በሰው እጅ እየተመራሁ ልቆም ነው ወይ? ወረቀቱ ላይ ነፃ ብለሽ ስለጻፍሽው አንቺ እንዳትጸጸቺ፤ ጥፋቱ የኔ ነው፣ እግዚአብሔር ይፍታሽ። ለኔ ደግሞ ቀኖናዬን አንቺው ስጪኝ። ስኳሩን ይዘሽ ነይ፤ የነቢያት ጾምም ቢሆን ፊትሽ ቆሜ ግጥም አድርጌ እጠጣዋለሁ። እስከ ጋሸና ከደረስሽ ወዲህ የሚያመጣሽ መኪና አይጠፋም።

እመ ብርሃን መንገድሽን ታቅናልሽ፣ ልጆችሽን ለቁም ነገር ታብቃልሽ።

አደራ፣ መልሱን በደብዳቤ አትላኪልኝ። የንስሐ ነገር ነውና ለሌላ ሰው ሰጥቼ ላስነብበው አልችልም። ራስሽ መጥተሽ በቃልሽ ንገሪኝ።

የንስሐ አባትሽ