ባለቤቱ ያልታወቀው የአባቴ መረብ

ይድረስ ለክቡር አቶ አልአዛር፣
በሐይቃችን ደሴት ላይ ለሚገኘው የአካባቢ ታሪክ ሙዚየም ኃላፊ፤

በቅድሚያ እንደምን ሰነበቱ እያልኩ፣ የደሴቷ ነፋስ ጉንፋን እንዳያስይዝዎ፣ ከጀልባ ሲወርዱም ያማረው ጫማዎ ውኃ እንዳይነካው ከልቤ እመኛለሁ። እኔ ብርቅዬ እባላለሁ፤ የዓሣ አጥማጁ የአቶ ደበሌ ልጅ ነኝ፤ ምናልባት ስማቸውን ሰምተውት ከሆነ። ቢሮዎ በመጣሁ ቁጥር ስብሰባ ላይ ስለሆኑ፣ ደብዳቤዬን ሁሉም ሰው በሚያነብበት ቦታ ባወጣው አንዱ ይነግርዎታል ብዬ ነው።

ባለፈው ክረምት ቤታችን መጥተው የአባቴን መረብ ለሙዚየሙ በጠየቁ ጊዜ፣ ስማቸው ከመረቡ ጋር እንደሚኖር በሰፈር ሽማግሌዎች ፊት ቃል ገብተው ነበር። አባቴ ዓይናቸው ደክሞ ሐይቅ መውጣት ከተዉ ወዲህ፣ ግድግዳ ላይ ከተሰቀለው ከዚያ መረብ ጋር ነበር የሚውሉት። ሆኖም እርስዎን እንቢ ማለት አልሆነላቸውምና አደራ ብለው ሰጡ። አደራ ጥብቅ ሰማይ ሩቅ የሚባለውን እርስዎም እኛው ሰፈር ስላደጉ ያውቁታል ብለን ነበር። አሁን ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

1ኛ. መረቡን ስላስዋቡልን እናመሰግናለን። አባቴ ከአረንጓዴ ሸበጥ እየቆረጡ ዳር ዳሩን ያሰሯቸውን ተንሳፋፊዎች «ቅርስ አይመስሉም» ብለው አስፈትተው፣ በምትካቸው ከገበያ የመጡ ትናንሽ ቅሎች ማሳሰርዎ የሚደነቅ ነው፤ እኛ ሰፈር በቅል ያጠመደ ሰው ባይኖርም ፎቶ ላይ ያምራል። እንዲያው ለጠቅላላ እውቀት ያህል፣ ውኃ ላይ ያደረ መረብ የማን እንደሆነ የሚለየው በተንሳፋፊው ነው። የአንዱ ነጭ ጀሪካን፣ የሌላው ቀይ ጠርሙስ፣ የአባቴ ደግሞ አረንጓዴ ሸበጥ ነበር። አረንጓዴውን ያየ ቀዛፊ አቶ ደበሌ ናቸው ብሎ ዞሮ ያልፋል እንጂ አይነካም።

2ኛ. መለያውን ካስፈቱ በኋላ ደግሞ «የጥንት ዓሣ አጥማጆች መረብ፤ ባለቤቱ ያልታወቀ» የሚል ጽሑፍ ከሥሩ አስለጥፈዋል። አባቴ እስካሁን በሕይወት በመኖራቸው ለተፈጠረው መጉላላት ይቅርታ እጠይቃለሁ። በሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ በፍቼ ዕለት፣ ሕዝቡ ለበዓሉ ወደ ጉዱማሌ አደባባይ ሲተም፣ እኔ አባቴን ይዤ ወደ ደሴቷ ተሻገርኩ። ስማቸው ሲነበብ ሊሰሙ ነጭ ሸሚዛቸውን ለብሰው ነበር። የተጻፈውን አነበብኩላቸው። የመረቡን ዳር በእጃቸው እየዳበሱ ሸበጡን መፈለግ ሲጀምሩ፣ ጥበቃው ቅርስ እንደማይነካ በትሕትና አስረዳቸው። ስንመለስ ጀልባው ላይ «የእኔ ላይሆን ይችላል» አሉኝ። አንድን ሽማግሌ የገዛ እጁን ሥራ እስኪጠራጠር ማድረስ ቀላል ሙያ አይደለምና እንኳን ደስ ያለዎት።

3ኛ. ይህኛውን አሽሞንሙኜ ልጽፈው አልቻልኩም። አቶ አልአዛር፣ እርስዎ ባለቤቱን ያውቁታል። አባትዎ ካረፉ በኋላ እናንተ ቤት ይበስል የነበረው ዓሣ ከዚህ መረብ የወጣ ነው። አባቴ ለነጋዴ ከማቅረባቸው በፊት የእናትዎን ድርሻ ይለዩ ነበር፤ ትልልቁ ወደ እናንተ ስለሚሄድ እኔ በልጅነቴ እቀናብዎ ነበር። ከሌላ አገር የመጣ ባለሙያ ባለቤቱ አይታወቅም ቢል ስቄ አልፈው ነበር። እርስዎ ሲሉት ግን አመመኝ፤ እስካሁንም ያመኛል።

ስለዚህ ቅሉ ተፈትቶ ሸበጡ እንዲመለስ፣ የአባቴም ስም እንዲጻፍ እጠይቃለሁ። ይህ ለሙዚየሙ ክብር የማይመጥን ከሆነ መረቡን ይመልሱልን፤ ቤታችን ግድግዳ ላይ ባለቤቱ የታወቀ ነው።

ስብሰባዎ ሁሉ የተሳካ እንዲሆን በመመኘት፣ ከማይጎድል አክብሮት ጋር፣

ብርቅዬ ደበሌ
ከአዲስ ከተማ፣ ሐዋሳ

ማስታወሻ፦ ደብዳቤውን ከማውጣቴ በፊት ለአባቴ ሳነብላቸው፣ ሁሉንም ደምስሺው አሉኝ። አልደመሰስኩም። በምትኩ ጻፊልኝ ያሉትን ግን እነሆ፦ «አልአዛር ሥራ በዝቶበት ነው። እናትህን ሰላም በልልኝ በዪው። ዓሣ ሲያምረው ደግሞ ይምጣ፤ ከሰው ገዝቼም ቢሆን አላሳፍረውም።»