የሰይድ ወፍጮና የተቃጠለው ፓወር

ሰኞ

ጧ አለና የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተ። ኮምፒውተሬ ሞተ። ከስምንት ዓመት በፊት ዕቃውን አንድ በአንድ ለቅሜ ራሴ የገጣጠምኩት ነው።

የምስልላት የደንበኛዬ የአዴ ጫልቱ ቤት ንድፍ ውስጡ ነው። ስምንት ሉህ። አምስቱ አልቋል፤ ሦስቱ ይቀራል። እስከ ዓርብ ማዘጋጃ ቤት ካልገባ በከኒሳ ቀሴ ቀበሌ ያለውን ቦታዋን፣ ግንባታ አልጀመርሽም ብለው ይወስዱባታል። ባሏ ከሞተ ወዲህ ያላት እሱ ብቻ ነው።

የፈነዳው የሰይድ ወፍጮ በቆመበት ቅጽበት ነው። ግድግዳ ለግድግዳ ነን። ለዙህር ሶላት ሲሄድ ሞተሩን ያጠፋዋል። ወጣሁና ተራ በሚጠብቁት ሴቶች ፊት፣ አውቀህ ንብረቴን አቃጠልክ አልኩት። ሰይድ የአንገር ጉቲን ልጅ ነው፤ ወላጆቹ ከወሎ መጥተው እዚያ የሰፈሩ ናቸው፤ ሲናደድ ድምፁ ይቀንሳል።

«ሶላቴን አንተን አስፈቅጄ ልስገድ?» አለ።

ሴቶቹ ሳቁ። ጠላሁት።

ማክሰኞ

ጠጋኙ ገመቹ መጣ። ለሙከራ አግራፍ አጥፎ የፓወሩን አረንጓዴ ሽቦ ከጥቁሩ ጋር አገናኘ። ማራገቢያው አልዞረም። ኮረንቲ የሚያድለው ፓወር ሰፕላዩ ነው የሞተው፤ ሌላው ዕቃ የተረፈ ይመስላል። ከዚያ ሳጥኑን ገልብጦ ከጀርባው ያለችውን፣ ቮልት የምትመርጠውን ቀይ ማብሪያ አየ።

«ኦቦ ታደሰ፣ ይቺን 115 ላይ ያደረጋት ማነው?»

እኔ ነኝ። ወፍጮው ሲዞር ኮረንቲው ወደ ግማሽ ይወርድና ማሽኑ አልነሳም ይላል። ማብሪያዋን ወደ 115 ሲያዞሯት ይነሳል። በሰፈራችን ኮምፒውተር ያለው ሁሉ የሚያደርገው ነው። ወፍጮው ከመቆሙ በፊት ኮምፒውተሩን አጥፍቶ ማብሪያዋን ወደ 230 መመለስ ብቻ ነው። ክረምቱን ሙሉ ስመልስ ከረምኩ። ሰኞ አዴ ጫልቱ በስልክ ስትጮህብኝ ሰዓቱ አለፈኝ፤ ወፍጮው ቆመ፤ ሙሉው ኮረንቲ መጣ።

ገመቹ፣ ሰይድ ወፍጮውን ነው ያጠፋው፣ ያቃጠልከው አንተ ነህ አለኝ።

እዚህ ላይ አልዋሽም። ሰኞ ሰይድ ላይ ስጮህም ጠርጥሬ ነበር።

ረቡዕ

ገመቹ ከአሮጌ ማሽን የነቀለውን ፓወር አመጣ። ገመዱ አጭር ነው። የብሎን ቀዳዳው ከሳጥኑ ጋር አይገጥምም፤ በሁለት ብሎን ተንጠልጥሏል። ማብሪያዋን 230 ላይ አድርጎ በሙጫ ደፈናት። ሲደፍን ዓይን ዓይኔን ያየኝ ነበር።

ተነሳ። አምስቱ ሉሆች አሉ።

ሰይድ ወፍጮውን አስነሳ። ማሽኑ ጠፋ። አስነሳሁት፤ ጠፋ። ማታ እንዳልሠራ ሰሞኑን ከመሸ መብራት የለም። ገመቹ ሱቅ እንዳልወስደው ምሰሶ ወድቆ የእሱ ሰፈር ጨለማ ነው። መሳያ ፕሮግራሙ ያለው ሌላ ቢሮ የተፎካካሪዬ ነው። እዚያ ከምሄድ እጄ ይቆረጥ።

አዴ ጫልቱ ደወለች። ስለ ፓወር ላስረዳት ጀመርኩ።

«እኔ ኮረንቲ አስተምረኝ አላልኩህም፤ ወረቀት ነው ያልኩህ» ብላ ዘጋችው።

ሐሙስ

ጠዋት ሰይድ ጋ ሄድኩ። ከሦስት እስከ ሰባት ሰዓት ወፍጮውን አቁምልኝ አልኩት። ዱቄቱን ከክንዱ እያራገፈ አዳመጠኝ።

«ሰኞ በሰው ፊት ሰደብከኝ። ማን እንዳቃጠለው በሰው ፊት ተናገር፤ አቆማለሁ።»

ወደ አሥራ አምስት ሴቶች ተሰልፈዋል። ተናገርኩ። ያቃጠልኩት እኔ ነኝ፣ ሰይድ ጥፋት የለበትም አልኩ። በኦሮምኛም ድገመው አለኝ። ደገምኩት። የእኔ ኦሮምኛ ጥሩ ነው፤ ያን ጊዜ ግን ተንተባተብኩ። በመጨረሻ ወፍጮው ለአራት ሰዓት እንደሚቆም ነገርኳቸው። ሰኞ የሳቁት ዛሬ አልሳቁም። በቆሎ የያዘች አንዲት ባልቴት አፍጥጣ አየችኝ።

«ታዲያ በቆሎዬን ኮምፒውተርህ ይፈጭልኛል?»

አንዳንዶቹ ጆንያቸውን ተሸክመው ወደ ሌላ ወፍጮ ሄዱ። ሰይድ ሲሄዱ ቆሞ አያቸው። ከዚያ አጠፋው።

ሻይ እንኳ ሳልጠጣ ሠራሁ። ጣሪያው፣ የኤሌክትሪክ መስመሩ፣ ደረጃው። ስድስት ሰዓት ከሃምሳ ላይ የመጨረሻው ሉህ ታተመ። ልክ ሰባት ሰዓት ወፍጮው ጮኸ፤ ማሽኑ ድርግም አለ። ደቂቃ አልጨመረልኝም።

ዓርብ

ማዘጋጃ ቤት። ሠራተኛው ሉሆቹን ሁለት ጊዜ ቆጥሮ ደረሰኝ ላይ ማኅተም መታ። አዴ ጫልቱ ደረሰኙን ከእጄ ነጥቃ በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረች። አላመሰገነችኝም። በር ላይ ስንደርስ ብቻ፣ «ቤቱን የሚቆጣጠርልኝ ሌላ ሰው እፈልጋለሁ፣ አንተ ልብ ታደርቃለህ» አለች።

ስመለስ ሰይድ ደጃፉ ላይ ነበር። አካም ኦልተ፣ እንዴት ዋልክ አልኩት። ወደ ወፍጮው ዞረ።

ቤት ገብቼ ለራሴ ያስቀረሁትን ቅጂ ዘረጋሁ። ስምንተኛው ሉህ ላይ ደረጃው አሥራ አራት እርከን ነው፤ በአምስተኛው ላይ አሥራ ስድስት ብዬዋለሁ። ትናንት ስቸኩል ነው። ሰኞ የማዘጋጃ ቤቱ ንድፍ መርማሪ ያየዋል፤ ወይ አያየውም። ካየው አስተካክል ብሎ ይመልሰዋል፤ እሷም ትደውልና ትጮህብኛለች።

ትጩህ። ደረሰኙ የዓርብ ቀን አለው።