የግራው እግር ፎርማ

መጋቢት ፲፩ ቀን
ከጫማ ቤቱ ጀርባ ካለው ክፍል

ለተከበሩ አባቴ፣

ጤናዎን አልጠይቅም፤ ትናንት በላኩት የድምፅ መልእክት እየተራመዱ ሲናገሩ ትንፋሽዎ ሙሉ እንደ ነበረ ሰምቻለሁ። «አንቱ» ማለቴ ቅር ያሰኝዎ ይሆናል። «አባዬ» እያልኩ «አንተ» የምለው ሰው ግን የሚመጣበትን ቀን ሲያዛውር ዓመታት አለፉ፤ እኔም ከማላውቀው ሰው ጋር ስነጋገር አክብሮት አላጓድልም።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። ማክሰኞ እንግዶች ወደ ጫማ ቤታችን እንደሚመጡ ነግረውናል። እርስዎ ትንንሽ ሱቆችንና ወርክሾፖችን ከአዲስ ቴክኖሎጂ ጋር በማስተዋወቅ ያሳለፉትን የሥራ ዘመን ሊመዝኑ ነው፤ ካመኑበትም አሠራርዎን በየከተማው እንዲያስፋፉ ሊሾሙዎት። እንግዶቹ ስለ ደንበኛችን ስለ መምህርቷ እግር ጉዳት ከጠየቁ ደግሞ እናቴ «ማሽኑን በትክክል ያልተጠቀምኩት እኔ ነኝ» ብላ እንድትመልስላቸው እርስዎ ይፈልጋሉ። «አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት፤ ምኗን ይጎዳታል?» ብለዋል።

መልሴ እምቢ ነው። እናቴ አይደለችም እምቢ ያለችው፤ እኔ ነኝ።

ማሽን ጠልታ ነው እንዳይሉኝ ሐቁን አስቀድሜ ልመስክር። የሰፈራችን ዳቦ ጋጋሪ እርስዎ ባስገቡለት አዲስ ምድጃ ምክንያት ክንዱ ከመቃጠል ድኗል። የኛም ቆዳ ቆራጭ ማሽን ከገባ ወዲህ እናቴ ወገቧ ቀና ብሏል፤ ዛሬ ማሽኑን የማሠራውም እኔው ነኝ። እንደ መሐንዲስ ያወጡት አንድ ሕግ ነው የማልቀበለው። አዲሱ ማሽን ሥራ በጀመረበት ቀን አሮጌው ዕቃ በባለቤቱ በራሱ እጅ ከቤት ይወጣል። «አጠገባቸው ካለ አዲሱን አይለምዱም» ይሉ ነበር። ዳቦ ጋጋሪው የገዛ ምድጃውን በመዶሻ አፈረሰ፤ እናቴም ጫማ የምትሰፋባቸውን ፎርማዎቿን አወጣች።

ያ መደርደሪያ ትዝ ይልዎታል? የደንበኞቿ ሁሉ እግር በእንጨት ተቀርጾ፣ ግራና ቀኙ በገመድ ታስሮ፣ ተረከዙ ላይ ስም ተጽፎበት የተደረደረበት። በሽርጧ እያቀፈች ወደ ጭነት መኪናው ስታመላልስ ጎረቤታችን ሰዓት አዳሹ በሩ ላይ ቆሞ፣ «እትዬ፣ ኋላ ወዮልሽ! ይኼ ባልሽ አሮጌ ያለውን ሁሉ እያስወጣ ነው፤ ተራው አንቺ ጋ ሳይደርስ ተደበቂ!» አላት። ሰው ሁሉ ሳቀ። እርስዎም ሳቁ። ከሁሉ ይልቅ የሳቀችው እናቴ ነበረች። ያን ቀልድ ዛሬ በዚህ ሰፈር ማንም አይደግመውም፤ ሰዓት አዳሹም እናቴን ሲያይ አንገቱን ሰዓቱ ውስጥ ይቀብራል።

ፎርማዎቹ ማገዶ ሆነው ሄዱ። በቦታቸው እግር የሚለካውን መሣሪያ አቆሙ፤ ወረፋው እንዲያጥር ብለውም ቀኝ እግርን ብቻ እንዲለካ፣ ግራውንም ከቀኙ ገልብጦ እንዲያወጣ አዘዙት። «ግራ የቀኝ መስታወት ነው» አሉ። ሰው አጨበጨበ፤ እናቴም አጨበጨበች፤ ይህን አልደብቅም።

መምህርቷ ስኳር እንዳለባት፣ ግራ እግሯም ከቀኙ እንደሚሰፋ ያውቃሉ፤ እኔን ፊደል ያስቆጠረች ሴት ናት። አዲሱን ጫማ ክረምቱን ሙሉ አደረገችው። ሲያጣብቃት «የጎረቤት ሥራ እንዴት ነቅፌ እመልሳለሁ?» ብላ ዝም አለች፤ ኋላ እግሯ ሲደነዝዝ ሕመሙም አልተሰማትም። ሐኪሞቹ ሁለት ጣቶቿን ቆረጡ። ልንጠይቃት ስንሄድ እናቴ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ «እኔን! እኔን!» ስትል፣ መምህርቷ እጇን ያዘቻት።

«ተይ እንጂ እህቴ! ጫማሽማ ሸጋ ነው፤ ያመፀው እግሬ ነው።»

ሁለቱም ሳቁ። ከዚያ እናቴ ወደ ኮሪደሩ ወጥታ ግድግዳ ተደግፋ ቆመች፤ እስክንሄድም አልገባችም።

እርስዎ ይህን በየስብሰባው «የተጠቃሚ ስህተት» ሲሉት ሰምቻለሁ። እኔ ደግሞ መሣሪያውን ከፍቼ አይቼዋለሁ። ሁለቱንም እግር እንዲለካ ለማድረግ ሻይ ተፈልቶ እስኪቀዳ ያለው ጊዜ በቃኝ። ድሮም መለካት ይችል ነበር፤ እንዳይለካ የከለከሉት እርስዎ ነዎት። ስህተት በሁሉም ላይ ይደርሳል፤ በእርስዎ ላይ መድረሱ አላስቆጣኝም። ያስቆጣኝ የራስዎን ስህተት ባጨበጨበችልዎ ሴት ትከሻ ላይ መጫንዎ ነው።

እርስዎ የላኩት ረዳት ደግሞ ትናንት መጥቶ ነበር። በትሕትና የተሞላ ሰው ነው። እናቴን «እማማ» እያለ ዓረፍተ ነገሯን አስጠናት። እሱ ከሄደ በኋላ በስፌት መኪናው ድምፅ መሐል ለብቻዋ ስትለማመድ ሰማኋት፤ «በትክክል ያልተጠቀምኩት እኔ ነኝ … ያልተጠቀምኩት እኔው ነኝ …» እያለች፣ የትኛው እንደሚያምር እየመረጠች።

«እማዬ፣ ይኼን አትይም» አልኳት።

«አንቺ ምን ቸገረሽ? አባትሽ በሰው ፊት አንገቱን ከሚደፋ እኔ ብደፋ ይሻላል። እኔን ማን ያየኛል?»

«እኔ አይሻለሁ።»

«አንቺማ ከሕፃንነትሽ ጀምሮ ዳኛ ነሽ» አለችና መኪናውን ረገጠችው።

ስለዚህ ይህን ይወቁ። ማክሰኞ በሩ ላይ የምቆመው እኔ ነኝ። መሣሪያው በማን ትእዛዝ አንድ እግር ብቻ ይለካ እንደ ነበረ፣ መምህርቷን ሊያድናት ይችል የነበረው ፎርማም በማን ሕግ እንደ ተቃጠለ ለእንግዶቹ እነግራቸዋለሁ። ከማክሰኞ በፊት እርስዎ ራስዎ ከተናገሩ ግን እኔ አፌን እዘጋለሁ፤ ማሽኑን አስጎበኛቸዋለሁ፤ ስለ ዳቦ ጋጋሪው ክንድም በደስታ እመሰክራለሁ። ሹመቱ ሊያመልጥዎ ይችላል። እናቴ ግን አንገቷን አትደፋም።

አንድ ነገር ቀረኝ። መልእክትዎን ያደመጥነው አብረን ነበር። መጨረሻው ላይ ከኋላዎ «እራት ቀርቧል» ያለችውን ሴት እናቴም ሰምታታለች። እንድትናገር ጠበቅሁ። «እንደ ገና ክፈቺው» አለችኝ። ከፈትኩት። ዓይኗን ጨፍና አደመጠችና «ግራ እግሩን እየጎተተ ነው። የተገዛ ጫማ ነው፤ ይይዘዋል» አለች።

ዛሬ ደብዳቤ ልልክ መሆኔን ስታውቅ፣ ከአልጋዋ ሥር በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አውጥታ ሰጠችኝ። ያን ቀን መኪናው ላይ ሁሉም ፎርማ አልተጫነም ኖሯል። የእርስዎን አስቀርታዋለች። ቀኝ እግር ብቻ ለክቶ ግራውን የገመተው መሐንዲስ የራሱ ግራ እግር ከቀኙ እንደሚረዝም ተረከዙ ላይ በእጇ ጽፋበታለች። የትኛውም ጫማ ሰሪ በዚህ ላይ ይሰፋልዎታል ብላለች።

እኔ በበኩሌ በእርስዎ ሕግ ደስ ብሎኝ ነበር፤ አሮጌው ዕቃ በባለቤቱ በራሱ እጅ ከቤት ሊወጣ ነው ብዬ። ጨርቁን ስፈታው ግን ግራው ብቻ ነው ያለው። ቀኙ የት እንዳለ ጠየቅኋት። «እሱ በተገዛ ጫማም ይገባል» አለችና ፊቷን አዞረች። ከአልጋው ሥር አጎንብሼ አላየሁም።

መንገድዎን ያቅናልዎ፤ እግርዎንም እሾህ አይንካው። ረዳትዎ ግራውን ገልብጠን ቀኙን በማሽን እንሥራልዎ ቢልዎ አይስሙት። አይገጥምህም።

ልጅህ