የጌታነሽ ቲማቲም ለምን ዳነ?

ለተከበሩ አቶ ወዳጆ፣
የምንጭ ዳር መስኖ ተጠቃሚዎች ማኅበር ሊቀመንበርና የውኃ አባት፤
ከዓለም ከተማ ቁልቁል

ጤናዎ፣ ጉልበትዎ፣ የቤትዎ ሰላም እንደምን ነው? እኛ ቲማቲማችን ከነግንዱ ከመጥቆሩ በቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነን።

የፊታችን እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ማኅበሩ ጎረቤቴን ወይዘሮ ጌታነሽን ከውኃ ተራ ጨርሶ ሊያስወጣት መሆኑን ስለሰማሁ፣ ከዚያ በፊት ምስጋናዬ በመጽሔት ይድረስዎ ብዬ ነው።

አንደኛ፣ ስለ ዘሩ። አምና ጥሩ ጥሩው ቲማቲም በሣጥን ተጭኖ ገበያ ሲወጣ፣ ጥቁር ክብ ክብ ያወጣውንና ገዢ ያጣውን ለዘር ይሁን ብለው አስጨመቁልን። ታጥቦ ጆንያ ላይ ሲሰጣ ንጹሕ ይመስል ነበር፤ ሻጋታው ግን ከዘሩ ጋር ደርቆ፣ ከዘሩ ጋር ከርሞ፣ ከዘሩ ጋር በቀለ። የግብርና ባለሙያዋ ሳሌም ሳይታከም እንዳይታደል ብትለምንዎ፣ ገና ልጅ ናት ብለው አለፏት። ለዕድሜ ያለዎትን ክብር እናደንቃለን።

ሁለተኛ፣ ችግኙ ገና መደብ ላይ ሳለ አንገቱ ሲጠቁር ምች ነው፣ ይለቀዋል ብለው አረጋጉን። ተረጋግተን ወደ ማሳ አዛወርነው። የቀረውን የበልጉ ዝናብ ሻጋታውን ከቅጠል ቅጠል እያፈናጠረ ጨረሰልን።

ሦስተኛውን ለመጻፍ እጄ ይከብደኛል። ዘሩ በታደለ ዕለት ጌታነሽ ከወንድሟ ተዝካር ዘግይታ ብትመጣ አልቋል ብለው ሸኟት፤ ከተማ ወጥታ ከሱቅ የታሸገ ዘር ገዝታ ዘራች። የእኛ ሲረግፍ የእሷ ለምልሞ ቀረ። ያኔ እርስዎ ጉባኤው ፊት ቆመው፣ «የሁላችን ሲሞት የእሷ ብቻ ለምን ዳነ? የእኛን ዓይኗ ነው የበላው» አሉ። ከዚያ ወዲህ እናቶች ልጆቻቸውን በነጠላ ሸፍነው ያልፏታል። ውኃዋም በትእዛዝዎ ተዘግቶ፣ ሻጋታ ያልነካው ቲማቲሟ በጥም እየጠወለገ ነው።

ልመናዬ ትንሽ ናት፤ ከዘሩ የተረፈ ካለ፣ ጌታነሽ በማትደርስበት በራስዎ ጓሮ ዘርተው አንገቱን ይዩት። እስከዚያው ውኃዋን ይልቀቁላት።

ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሣሁ፣
በዘርዎ ማሳዋ የጠቆረባት አክባሪዎ
ጽናት በኃይሉ

ማስታወሻ፦ ባለቤትዎ ወይዘሮ እታገኝ ትናንት በጓሮ በር ከጌታነሽ አንድ ቅርጫት ቲማቲም ገዝተው ሲወጡ ተገናኝተን ሰላም ተባብለናል። በሰፈሩ ሌላ ጤነኛ ቲማቲም የለምና አልፈርድባቸውም። የቲማቲሙ ወጥ ተስማምቶዎት እንደሆነ እሑድ ጉባኤው ፊት ቢነግሩን እናመሰግናለን።